ጎሬ ደሴት

ጎሬ በምዕራብ አፍሪካ፣ በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ወደብ ፊት ለፊት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ርዝመቷ 900 ሜትር ያህል፣ ስፋቷ ደግሞ በሰፊው በኩል 350 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ሰው ሳይቸኩል በግማሽ ቀን ዞሮ ይጨርሳታል። ነዋሪዎቿ 1,700 ያህል ናቸው። መኪና የለባትም፤ የሚሄደው ሁሉ በእግሩ ነው። ከ15ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች፣ ሆላንዶች፣ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች በየተራ የያዟት ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ዘንድ የምትታወቀው ከሁሉ በላይ በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ መታሰቢያነቷ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደሴቲቱ በኢሉባቦር ከምትገኘው ከጎሬ ከተማ ጋር ስሟ ቢመሳሰልም ምንም ግንኙነት የላቸውም።

ጎሬ ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ ነገር ትጎራበታለች። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከአፍሪካ የተመረጡት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና ጎሬ ደሴት ናቸው።

ስያሜ

በወሎፍ ቋንቋ የደሴቲቱ ስም ቤር ነው። ፖርቱጋሎች ፓልማ ይሏት ነበር። «ጎሬ» የሚለው ስም በአብዛኛው የሚገለጸው ከሆላንድኛ እንደመጣ ተደርጎ ሲሆን፣ ትርጉሙም «መልካም የመርከብ ማረፊያ» ማለት ነው። ስያሜው የደሴቲቱን ዕጣ ራሱ ይናገራል። ጎሬ ወርቅም እርሻም አልነበራትም፤ የሚጠጣ ውኃ እንኳ ለረጅም ዘመን ከየብስ በጀልባ ይጓጓዝላት ነበር። አውሮፓውያን የተሻሟት ከኬፕ ቨርት ልሳነ ምድር በስተጀርባ ከነፋስ የተከለለ፣ መርከብ ተረጋግቶ መልሕቅ የሚጥልበት ባሕር ስላላት ነው። በዚያ ላይ ትንሽ መሆኗ ጠቀማቸው፤ በጥቂት ወታደርና በጥቂት መድፍ ትጠበቃለችና።

ታሪክ

ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ዲኒስ ዲያስ ወደዚህ አካባቢ የደረሰው በ1444 ነው። ፖርቱጋሎች በደሴቲቱ ትንሽ የድንጋይ ቤተ ጸሎት ሠርተው ሙታናቸውን ቀበሩባት እንጂ ከተማ አልቆረቆሩም። ሆላንዶች ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ምሽግ ሠሩ፤ አንዱን በታች በወደቡ አጠገብ፣ ሌላውን በደቡብ በኩል ባለው ኮረብታ ላይ። በ1664 እንግሊዞች ደሴቲቱን ቢነጥቋቸውም የሆላንዱ አድሚራል ደ ሮይተር በዚያው ዓመት አስመለሳት። በ1677 ደግሞ የፈረንሳይ አድሚራል ዣን ዴስትሬ ያዛት።

ከዚያ በኋላ ጎሬ በመሠረቱ የፈረንሳይ ሆነች፤ ሆኖም ፈረንሳይና እንግሊዝ በተዋጉ ቁጥር እጅ ትቀይር ነበር። እንግሊዞች በ1758 ይዘዋት በ1763ቱ የፓሪስ ውል መለሷት፤ በ1779 እንደገና ይዘው በ1783 መለሷት፤ በናፖሊዮን ጦርነቶች ጊዜም ይዘዋት ቆይተው በመጨረሻ ለፈረንሳይ የተመለሰችው በ1817 ነው። ከነዚህ ውሎች አንዱም ሲፈረም የደሴቲቱን ሰው የጠየቀ አልነበረም።

የጎሬ የበለጸገችበት ዘመን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ዛሬ የሚታዩት የቢጫና የቀይ አፈር ቀለም የተቀቡት ቤቶች አብዛኞቹ ከዚያ ዘመንና ከእርሱ ቀጥሎ ካለው የተረፉ ናቸው። ሀብቱ የመጣው ከባሪያ ንግድ፣ ከሙጫ፣ ከቆዳና ከሰም ነበር። የሀብቱ ባለቤቶች ግን ወንዶች አውሮፓውያን ብቻ አልነበሩም፤ ይህ የጎሬ ታሪክ ጎብኚን ብዙ ጊዜ የሚያስገርመው ክፍል ነው።

በደሴቲቱ ሲኛር የሚባሉ ሴቶች ነበሩ። ቃሉ «እመቤት» ከሚለው የፖርቱጋልኛ ቃል የመጣ ነው። አብዛኞቹ ከአውሮፓዊ አባትና ከአፍሪካዊት እናት የተወለዱ ሲሆኑ፣ ወደ ጎሬና ወደ ሳን ሉዊ ከሚመጡ የኩባንያ ሹማምንትና መኮንኖች ጋር በሀገሬው ደንብ ይጋቡ ነበር። ጋብቻው ባልየው ወደ አውሮፓ ሲመለስ ያከትማል፤ ቤቱና ንብረቱ ለሚስቲቱ ይቀራል፤ ልጆቹ የአባታቸውን ስም ይዘው ያድጋሉ። ሲኛሮቹ በራሳቸው ይነግዱ፣ መርከብና ቤት ያፈሩ ነበር። ባሪያም ነበራቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከደሴቲቱ ነዋሪ የሚበልጠው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚያገለግል ባሪያ ነበር፦ ግንበኛ፣ አናጺ፣ አጣቢ፣ ጀልባ ቀዛፊ። ከሲኛሮቹ አንዷ አን ፔፓን ከ1785 እስከ 1787 የሴኔጋል ገዥ ከነበረው ከሸቫሊዬ ደ ቡፍሌር ጋር ባላት ወዳጅነት ትታወቃለች። ቡፍሌር የግዛቱ መቀመጫ ከሆነችው ከሳን ሉዊ ይልቅ ጎሬን ይመርጥ ነበር።

ፈረንሳይ ባርነትን በ1848 ስትሽር የደሴቲቱ ኢኮኖሚ ምሰሶ ወደቀ። ቀጥሎ በ1857 ፈረንሳዮች ከፊት ለፊት ባለው የብስ ላይ ዳካርን ቆረቆሩ። ሰፊ መሬትና ትልቅ ወደብ ያላት ዳካር እያደገች ስትሄድ ነጋዴዎቹ ከጎሬ ለቀው ወደዚያ ተሻገሩ፤ በ1878 የደረሰው የቢጫ ወባ ወረርሽኝም ብዙ ሰው ፈጀ። በ1902 የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ዋና ከተማ ከሳን ሉዊ ወደ ዳካር ሲዛወር የጎሬ ነገር አለቀ ማለት ይቻላል። ደሴቲቱ አሮጌ መልኳን ይዛ የቀረችውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አዲስ ነገር የሚሠራባት ባለሀብት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ጎሬ በቅኝ ግዛቱ ፖለቲካ ውስጥ ከስፋቷ በላይ የሆነ ቦታ ነበራት። ከሳን ሉዊ፣ ከዳካርና ከሩፊስክ ጋር «አራቱ ኮሙኖች» ከሚባሉት አንዷ ስትሆን፣ የእነዚህ ከተሞች ተወላጆች ለፈረንሳይ ፓርላማ ተወካይ የመምረጥ መብት ነበራቸው። በ1872 በጎሬ የተወለደው ብሌዝ ዲያኝ በ1914 ተመርጦ በፈረንሳይ ፓርላማ የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ባሮች ይሸጡባት ከነበረች ደሴት ተወልዶ ሻጮቹ ሕግ ወደሚያወጡበት አዳራሽ መግባት ትልቅ ነገር ነበር። ዲያኝ ግን በ1918 ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ከምዕራብ አፍሪካ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችን እንዲመለመሉ በማድረጉ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከ1913 እስከ 1938 ደግሞ የዊሊያም ፖንቲ መምህራን ማሠልጠኛ በደሴቲቱ ነበር። ፈረንሳይ ለቅኝ ግዛቷ መምህራንና የሕክምና ረዳቶችን ለማፍራት ያቋቋመችው ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከተማሪዎቹ መካከል በኋላ የአይቮሪ ኮስት ፕሬዚዳንት የሆኑት ፌሊክስ ኡፉዌ ቧኚና የማሊው ሞዲቦ ኬይታ ይገኙበታል። ቅኝ ገዥዎች ለራሳቸው አገልግሎት ያሠለጠኗቸው ልጆች ናቸው ከአንድ ትውልድ በኋላ ሰንደቃቸውን ያወረዱት።

የባሮች ቤትና የቁጥሩ ክርክር

ወደ ጎሬ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ የሚያየው አንድ ሕንፃ አለ፤ የባሮች ቤት ይባላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ በ1776 ገደማ ለፔፓን ቤተሰብ የተሠራ፣ ቀይ ግድግዳ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ከግቢው ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች እንደ ፈረስ ኮቴ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣሉ። ላይ ለባለቤቶቹ መኖሪያ የሆኑ ሰፋፊና ነፋሻ ክፍሎች አሉ። ታች ዝቅ ያሉ፣ ጠባብና ጨለማ ክፍሎች አሉ። በደረጃዎቹ መካከል ባለው መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ወደ ባሕር የሚከፈት ትንሽ በር ይታያል፤ «መመለሻ የሌለው በር» የሚባለው እርሱ ነው።

ይህን ቤት ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ቡባካር ጆዜፍ ንጃይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ የተዋጋ የቀድሞ ወታደር ሲሆን፣ በ2009 እስኪሞት ድረስ ለአሥርተ ዓመታት የቤቱ ጠባቂና አስጎብኚ ነበር። ሰንሰለት በእጁ ይዞ፣ በዚህ ክፍል ወንዶች፣ በዚያኛው ሴቶች፣ በዚያ ሕፃናት ይታሰሩ ነበር እያለ ሲተርክ ሰምቶ ዓይኑ እንባ ያላቀረረ ጥቂት ነው ይባላል። በእርሱ አነጋገር በጎሬ በኩል ያለፉት ባሮች ቁጥር ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ይደርስ ነበር።

ይህ ቁጥር ትክክል አይደለም። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ፊሊፕ ከርቲን ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመርከብ መዝገቦችን አሰባስቦ ሲቆጥር የጎሬ ድርሻ ትንሽ መሆኑን አሳየ። ከእርሱ በኋላ የተደረጉ ቆጠራዎች በመላው የአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ከአፍሪካ በመርከብ የተጫኑት ሰዎች 12.5 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ ይገምታሉ፤ ከእነዚህም ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉት በመንገድ ላይ አልቀዋል። የሚበዙት የተጫኑት ከአንጎላና ከኮንጎ ወደቦች፣ ከዛሬዋ ቤኒንና ከናይጄሪያ ጠረፍ ነው። ከጎሬ የተጫኑት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከሴኔጋምቢያ አካባቢ እንኳ የሳን ሉዊና የጋምቢያ ወንዝ ንግድ ይበልጥ ነበር።

በ1996 ማብቂያ ላይ የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ፣ በደሴቲቱ ታሪክ ላይ የሚሠሩትን የአብዱላይ ካማራንና የቄስ ጆዜፍ ሮዤ ደ ቤኑዋን ጥናት ጠቅሶ የባሮች ቤትን ታሪክ «ተረት» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የቤቱ ምድር ቤት በዋነኛነት የዕቃ ማከማቻና የቤት አገልጋዮች ማደሪያ ነበር፤ ለሽያጭ የመጡ ምርኮኞች የሚታሰሩት በሌላ ቦታ ነው። በሩን በተመለከተ ደግሞ ከደጁ ያለው ባሕር ዓለት የበዛበት በመሆኑ ጀልባ በዚያ በኩል ሰው መጫኑ አጠራጣሪ ነው፤ ሁለት መቶ ሜትር እልፍ ቢባል ገር የሆነ አሸዋማ ማረፊያ አለና።

ጽሑፉ በሴኔጋል ብርቱ ቁጣ አስነሣ። ብዙዎች የባሪያ ንግድን እንደመካድ ቆጠሩት። በ1997 በዚሁ ጉዳይ ላይ የምሁራን ጉባኤ ተደረገ። ነገሩን በጥሞና ለሚያይ ግን ሁለቱ ወገኖች የሚነጋገሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። ታሪክ ጸሐፊዎቹ የሚጠይቁት በዚህ በር ስንት ሰው ወጣ የሚል ነው። ከአሜሪካና ከካሪቢያን የሚመጣው ተጓዥ ግን አያት ቅድመ አያቱ የወጡበትን ወደብ ስም አያውቅም፤ መዝገብ አልተጻፈለትም፤ ቆሞ የሚያለቅስበት አንድ በር ይፈልጋል። የቁጥሩ መታረም ለዚህ ተጓዥ የሚያጎድልበት ነገር የለም። የተጋነነው ቁጥር ግን ጉዳት አለው፤ አንድ ሐሰት ሲገኝ ሙሉውን ታሪክ ለመካድ ለሚፈልግ ሰው ሰበብ ይሆነዋል፤ የሉዋንዳንና የዊዳን ወደቦችም ያስረሳል።

ኔልሰን ማንዴላ በ1991 ቤቱን ጎብኝተዋል። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በየካቲት 1992 በደሴቲቱ ተገኝተው ክርስቲያኖች በባሪያ ንግድ ስለነበራቸው ድርሻ ይቅርታ ለምነዋል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ቢል ክሊንተን በ1998፣ ጆርጅ ቡሽ በ2003፣ ባራክ ኦባማ በ2013 መጥተዋል።

ደሴቲቱን መዞር

ጎብኚዎች ከዳካር ወደብ በመንገደኛ ጀልባ ይሻገራሉ፤ ጉዞው 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከጀልባዎቹ አንዷ ኩምባ ካስቴል ትባላለች፤ ይህም የደሴቲቱ ሰዎች ጎሬን ትጠብቃለች የሚሏት የባሕር መንፈስ ስም ነው። ጀልባው ሲቃረብ መጀመሪያ የሚታየው በሰሜን ጫፍ የቆመው ክቡ የዴስትሬ ምሽግ ነው። ምሽጉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራ ሲሆን፣ ለብዙ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ ካገለገለ በኋላ ከ1989 ጀምሮ የታሪክ ሙዚየም ሆኗል። ከቅድመ ታሪክ እስከ ነጻነት ያለውን የሴኔጋል ታሪክ በየክፍሉ ያሳያል። አብዛኛው እንግዳ ወደ ባሮች ቤት ስለሚቻኮል ይህን ሙዚየም ያልፈዋል፤ የቤቱን ታሪክ በሚገባ ለመረዳት ግን ከዚህ መጀመር ይሻላል።

ከማረፊያው ጀምሮ መንገዱ በአሸዋማው ጠረፍ ዳር ወደ ጠባብ ጎዳናዎች ይገባል። በግድግዳዎቹ ላይ ቡጋንቪሊያ ተንዠርጓል፤ በአደባባዮቹ የባኦባብ ዛፎች አሉ። በምሥራቅ በኩል የባሮች ቤት፣ ከፊት ለፊቱ የሲኛር ቪክቶሪያ አልቢስ የነበረው ቤት ይገኛል። በአቅራቢያው ሰንሰለቷ የተበጠሰ ወንድና አንዲት ሴት ተቃቅፈው የቆሙበት ሐውልት አለ፤ የጉዋዴሎፕ ሰዎች በ2002 የሰጡት ስጦታ ነው። ይህም የባሮቹ ዘሮች ከካሪቢያን ወደ አፍሪካ የላኩት መሆኑ ነው።

የቅዱስ ሻርል ቦሮሜ ቤተ ክርስቲያን በ1830 ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ በምዕራብ በኩል ባለው ገደል ሥር ያለው የድንጋይ መስጊድ ከዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የመጣ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በዚህች ጠባብ ቦታ ተጎራብተው ኖረዋል፤ አሁንም ይኖራሉ። በአሮጌው የመንግሥት አደባባይ የገዥው ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ ለብዙ ጊዜ ባዶውን ፈራርሶ ቆሟል።

በደቡብ ጫፍ ካስቴል የሚባለው የባዛልት ኮረብታ አለ። ዳገቱ አጭር ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተለያየ ጠረፍ የመጣ ባለ ልዩ ልዩ ቀለም አሸዋ በሙጫ እየለጠፉ ሥዕል የሚሠሩ ሠዓሊዎች ሥራቸውን ዘርግተው ይሸጣሉ። አናቱ ላይ ሁለት ግዙፍ መድፎች የዛገ አፋቸውን ወደ ባሕር እንዳዞሩ ይገኛሉ። በመስከረም 1940 የእንግሊዝና የጄኔራል ደጎል መርከቦች በቪሺ መንግሥት እጅ የነበረችውን ዳካርን ለመያዝ ሲሞክሩ የጠረፉ መድፎች ለሦስት ቀን ተታኩሰው መልሰዋቸዋል። ዛሬ በመድፎቹ ሥር ባሉት የኮንክሪት ዋሻዎች ሰዎች ይኖራሉ። ከኮረብታው ላይ ዳካር ከነፎቆቿ፣ ደሴቲቱም ከነጣሪያዎቿ በሙሉ ይታያሉ።

ለጉብኝት የሚመቸው ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። ዝናቡ በሐምሌ ገብቶ እስከ ጥቅምት ይቆያል። የመጨረሻዎቹ ጀልባዎች ሲሄዱ ጎብኚው አብሯቸው ይሄድና ደሴቲቱ ለነዋሪዎቿ ትቀራለች።

ጥበቃና የዛሬ ኑሮ

የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ጎሬን በ1944 ታሪካዊ ሥፍራ ብሎ ከለላት፤ ነጻይቱ ሴኔጋልም በ1975 በብሔራዊ ቅርስነት መዘገበቻት። በ1966 ፕሬዚዳንት ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር በዳካር ያዘጋጁት የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል አንዱ ክፍል በደሴቲቱ ላይ የታየ ትርኢት ነበር። ሴኔጋላዊው የዩኔስኮ ዋና ዳይሬክተር አማዱ ማሕታር ምቦው ደግሞ በ1980 ጎሬን ለማዳን ዓለም አቀፍ ጥሪ አቀረቡ።

ዛሬ የደሴቲቱ ትልቁ ጠላት ባሕሩ ነው። ማዕበሉ ጠረፉን እየበላ ከዳር ያሉትን ቤቶች መሠረት ይሸረሽራል፤ ጨዋማው አየር ኖራውን ይልጣል፤ ብረቱን ያዝጋል። ቤት መጠገን የሚፈልግ ነዋሪ በቅርስ ሕግ ምክንያት በአሮጌው ዓይነት ቁሳቁስ መሥራት አለበት፤ ይህም ዋጋው ለዓሣ አጥማጅና ለመንገድ ዳር ነጋዴ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ አንዳንዱ ቤት ገንዘብ ባለው እንግዳ ሲገዛና ሲያምር፣ ሌላው ጣሪያው ወድቆ ቤተሰብ ተጨናንቆ ይኖርበታል።

ብዙው ሰው የሚተዳደረው በቱሪዝም ነው። በማሪያማ ባ ስም የተሰየመው የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ከ1977 ጀምሮ በደሴቲቱ ላይ ሲሆን፣ ከመላው ሴኔጋል በፈተና የተመረጡ ተማሪዎች ይማሩበታል።

በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በአሜሪካ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ የደሴቲቱ ምክር ቤት «የአውሮፓ አደባባይ» ይባል የነበረውን ቦታ «የነጻነትና የሰብአዊ ክብር አደባባይ» ብሎ ሰየመው።